ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፦ ሌሎች እንዲዘምሩት የጻፈ ባለቅኔ

በደቡብ ኦሞ የቃል ግጥም የሚሰበስብ ተመራማሪ አስቀድሞ የሚመዘግበው የዘፋኙን ስም ነው። በሙርሲና በቦዲ ወጣቱ ስለሚወደው በሬ የሚያዜመውን ውዳሴ ራሱ ስለሚገጥመው፣ ገጣሚውና ዘፋኙ አንድ ሰው ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ግን ገጣሚው ከመዝገብ ይወጣል። ይህ አጭር ጽሑፍ የጉዳዩን ክብደት ለማሳየት የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ሕይወት ይቃኛል።

ዮፍታሔ የተወለደው ጎጃም ውስጥ በደብረ ኤልያስ፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መገባደጃ ነው። ያደገው ቅኔና ዜማ በሚያስተምሩ ሊቃውንት መካከል ሲሆን፣ በኋላ የተጠራበት «ቀኝ ጌታ» የሚለው ማዕረግም የመዘምራን አገልግሎት ማዕረግ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ባለቅኔው የመራውን ቅኔ ሌላው ተቀብሎ በዜማ ያሰማል። ስለዚህ ቃልን ለሌላ ሰው አንደበት ማዘጋጀት ለዮፍታሔ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሙያ ነበር።

አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ። ለተማሪዎቹም ተውኔትና መዝሙር ይጽፍ ነበር። «ምስክር»ን እና «የሆድ አምላኩ ቅጣት»ን የመሰሉት ሥራዎቹ ንግግርን ከመዝሙር ጋር ያጣመሩ ናቸው። እዚህ ላይ የቅኔ ቤቱ ልማድ መለወጥ ነበረበት። የቅኔ አድማጭ ምስጢሩን የሚፈታ የተማረ ሰው ነው፤ የተማሪ መዝሙር ግን ዘማሪው በቃሉ የሚይዘው፣ ተመልካቹም ወዲያው የሚረዳው መሆን ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ የተሰማው ሥራው የብሔራዊ መዝሙሩ ግጥም ነው። ዜማውን የደረሰው፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን «አርባ ልጆች» የተባሉትን አርመናውያን ወጣቶች ሙዚቃ ይመራ የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። የጎጃሙ ባለቅኔ አማርኛና የነሐስ መሣሪያዎች ዜማ በአንድነት እንዲጓዙ ማድረግ ቀላል ሥራ አልነበረም። መዝሙሩ ከ1923ቱ የዘውድ በዓል እስከ 1967ቱ የሥርዐት ለውጥ ድረስ፣ ከጠላት ወረራ ዘመን በቀር፣ የአገሪቱ መለያ ሆኖ ቆይቷል። በገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው በዛሬው ደቡብ ኦሞም መንግሥታዊ መዝሙሩ ይኸው ነበር። መዝሙሩን በቃሉ ከሚያውቀው ሕዝብ መካከል የገጣሚውን ስም የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

በወረራው ዘመን ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ከድል በኋላ ተመልሶ በምክር ቤት አገለገለ፤ ስለ ወረራው ዘመን የሚናገረው «አፋጀሽኝ» የተሰኘው ተውኔቱም ታወቀ። በ1939 ዓ.ም. ሲሞት አብዛኞቹ ሥራዎቹ በመጽሐፍ አልታተሙም ነበር። ገጣሚውና ሃያሲው ዮሐንስ አድማሱ ሕይወቱንና ጽሑፉን አጥንቶ ባያቆይልን ኖሮ፣ ከስሙ ጋር የሚታሰብለት ሥራ ከዛሬው እጅግ ባነሰ ነበር። ለሌሎች መጻፉ ግን በእርሱ አላበቃም። ኢዮኤል ዮሐንስ በሀገር ፍቅር ቲያትር ለዘፋኞች ግጥም በመድረስ በዚያው መንገድ ሄዷል።

ከዚህ ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ለመስክ ሥራ ይጠቅማል። ዮፍታሔ ጽሕፈት የሚያውቅ፣ በዋና ከተማ የኖረና ማዕረግ የነበረው ሰው ሆኖ ሳለ ሥራው ከስሙ ሊለይ ተቃርቦ ነበር። ሥራቸው በቃል ብቻ የሚኖር የአሪ፣ የሐመር ወይም የበና ገጣሚዎችማ ስማቸው የሚጠፋው ከዚህ በፈጠነ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዘፈን የሚመዘግብ ተመራማሪ ማን እንደ ዘፈነው ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ገጠመው፣ ለማን እንደ ተሰጠና በምን አጋጣሚ እንደ ተደረሰ መጠየቅ ይኖርበታል። ጥያቄው መቅረብ ያለበትም የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው።