ቤሲ ኮልማን

ቤሲ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ከድኻ ጥቁር ቤተ ሰብ ተወለደች። በልጅነቷ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ እየተጓዘች አንድ ክፍል ብቻ በነበረው ትምህርት ቤት ተማረች። ሆኖም የጥጥ ለቀማ ወራት በደረሰ ቁጥር ትምህርቱ ይቋረጥና ሕፃናቱ ወደ እርሻ ይወርዱ ነበር። ካደገች በኋላ ኮሌጅ ብትገባም፣ ገንዘቧ ስላለቀ ከአንድ የትምህርት ወቅት በላይ ልትቆይ አልቻለችም። በ1915 ወደ ቺካጎ ሄዳ በወንዶች ፀጉር ማስተካከያ ቤት የደንበኞችን ጥፍር በማሳመር ሥራ ተዳደረች።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ወንድሟ የፈረንሳይ ሴቶች አይሮፕላን እንደሚያበሩ እያነሣ ያሾፍባት ነበር። እርሷ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላየችውም። በአሜሪካ የነበሩት የበረራ ትምህርት ቤቶች ጥቁርም ሴትም በመሆኗ አልተቀበሏትም። ስለዚህ ፈረንሳይኛ አጥንታ በ1920 ባሕር ተሻገረች። በፈረንሳይ ስትማር አንድ ባልደረባዋ በአደጋ ሲሞት በዓይኗ ብታይም ከዓላማዋ ፈቀቅ አላለችም። በጁን 15 ቀን 1921 ዓለም አቀፍ የአብራሪነት ፈቃድ ተቀበለች። ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ይህን ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

ወደ አገሯ ተመልሳ የበረራ ትርኢት በማሳየት ዝነኛ ሆነች። ምኞቷ ግን ዝና ሳይሆን ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። ባደገችበት ከተማ ጥቁሮችና ነጮች በየራሳቸው በር እንዲገቡ በታሰበ ጊዜ፣ በአንድ በር ካልገቡ አልበርም ብላ አስለወጠች። ክብሯን እንዲህ የማታስደፍረው ሴት ለአይሮፕላን የሚበቃ ገንዘብ ግን አልነበራትም። መግዛት የቻለችው ከጦርነቱ የተረፉትን፣ ጄኒ የሚባሉትን አሮጌ አይሮፕላኖች ብቻ ነበር። በ1923 የአንደኛው ሞተር በሎስ አንጀለስ አካባቢ በአየር ላይ ቆሞ ወደቀችና እግሯ ተሰበረ።

በ1926 ሌላ ጄኒ ገዛች። ይህንን አይሮፕላን መካኒኳ ከዳላስ ወደ ጃክሰንቪል ሲያመጣው፣ በሚገባ ባለመጠገኑ በተደጋጋሚ በመንገድ ላይ ሊያርፍ ተገደደ። ወዳጆቿ እንዳትበርበት ቢለምኗትም አልሰማችም። በአፕሪል 30 ቀን መካኒኩ እያበረረ አብረው ተነሡ። ቤሲ በማግስቱ በጃንጥላ የምትወርድበትን ስፍራ አጎንብሳ ለማየት ስትል የመቀመጫ ቀበቶዋን አላሰረችም ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አይሮፕላኑ በድንገት አፍንጫውን ደፍቶ እየተሽከረከረ ወረደ። ቤሲ ከአየር ላይ ተወርውራ ሞተች፤ መካኒኩም ከአይሮፕላኑ ጋር ተከስክሶ ሞተ። ስብርባሪው ሲመረመር የተረሳ የብሎን መፍቻ ተገኘ፤ ማርሾቹ መካከል ገብቶ መሪውን አላላውስ ብሎት ነበር። ዕድሜዋ 34 ዓመት ነበር።

የቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች ከ1931 ጀምሮ በየዓመቱ በመቃብሯ ላይ እየበረሩ አበባ ይጥሉላት ጀመር። ከማኅበራቸው መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ሮቢንሰን በ1935፣ ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ፣ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በአዛዥነት መርቷል።