ሰር ቻርልስ ፓርሰንስ እና እምቢ ያለው አየር

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ቻርልስ ፓርሰንስን መጀመሪያ ያወቅሁት በሞተሩ ሳይሆን በፓተንት ጣጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የእንፋሎት ተርባይኑን ፓተንት ያስወጣው ክላርክ ቻፕማን በተባለው ድርጅት ሸሪክ ሆኖ ሳለ ነበር። በ1889 ከሽርክናው ሲወጣ መብቱ እዚያው ቀረ። የገዛ ፈጠራውን ቢሠራ የሚከሰስ ሰው ሆነ ማለት ነው! ኒውካስል ላይ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ፣ እንፋሎቱ ዘንጉን ተከትሎ ሳይሆን በሌላ አቅጣጫ የሚፈስበት ተርባይን እየሠራ ቆየና በ1894 መብቱን አስመለሰ።

የአስትሮኖሚ ሊቁ የሎርድ ሮስ የመጨረሻ ልጅ ነው። በ1897 “ተርቢኒያ” የተባለች ጀልባው በንግሥት ቪክቶሪያ የባሕር ኃይል ትርዒት ላይ ማንም ሳይደርስባት መክነፏን ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ያልተሳካለት ሥራ ነው።

በ1884ቱ ፓተንት ውስጥ አንድ ሐሳብ ነበር፤ ተርባይን በሌላ ኃይል ቢሽከረከር አየር የሚጨምቅ ኮምፕረሰር ይሆናል የሚል። ፓርሰንስ ከ1901 ጀምሮ ለማቅለጫ ምድጃዎች አየር የሚነፉ እንዲህ ያሉ ኮምፕረሰሮችን በደርዘን ሠራ። ኃይል ይበላሉ፣ ውጤታቸው ግን ደካማ ነው። በ1908 አቆማቸው።

ምን ነካው? በተርባይን ውስጥ እንፋሎቱ ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ስለሚሄድ መንገዱ ቁልቁለት ነው። በኮምፕረሰር ውስጥ ግን አየሩ ዳገት ይወጣል። ዳገቱ ሲበዛበት ብሌድ ከሚባሉት ትንንሽ ክንፎች ጀርባ ይላቀቃል፤ መሐንዲሶች ስቶል የሚሉት ይህንን ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። የብሌዱ ጫፍ ቀፎውን እንዳይፍቅ ትንሽ ክፍተት የግድ ይተዋል። በዚያች ክፍተት አየር ከብሌዱ ፊት ወደ ጀርባው ያፈተልካል። በተርባይን ይህ በአብዛኛው ኪሳራ ብቻ ነው። በኮምፕረሰር ግን ያፈተለከው አየር ተጠቅልሎ አዙሪት ይሆንና መተላለፊያውን ያጠባል። ግፊቱ ሲጨምር አዙሪቱ ያብጣል፣ ወደ መግቢያው ይገፋል፣ ወደ ጎረቤት ብሌድም ይሻገራል። ብዙ ጊዜ ስቶሉ የሚጀምረው ከዚያው ከጫፉ ነው፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥርም ቶሎ ይመጣል። የዛሬ የጄት ሞተር ሠሪዎች በቀፎው ውስጠኛ ገጽ ላይ ብሌዱ ቢነካው የሚፋቅ ልባስ የሚያደርጉት ክፍተቷን ለማጥበብ ነው።

ፓርሰንስ ሰነፍ ተመራማሪ አልነበረም። የተርቢኒያ መዘውር ውኃውን እየቀደደ በአረፋ አላሠራ ሲለው በ1895 መስኮት ያለው ገንዳ ሠርቶ አረፋውን በዓይኑ አይቷል፤ ከዚያም ሦስት ዘንግ አስገብቶ ተገላግሏል። በእኔ ግምት የአየሩ ነገር የረታው እንዲህ የሚያይበት መስኮት ስላጣ ነው። አየር አረፋ የለውማ!

በ1926 አላን ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የቀድሞዎቹ ኮምፕረሰሮች ብሌዶች ሁልጊዜ ስቶል ላይ ሆነው ይሠሩ እንደነበር አስረዳ፤ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይቀረጹ አለ። ፓርሰንስ ያኔ 72 ዓመቱ ነበር። በየካቲት 1931 በመርከብ ሽርሽር ላይ ሳለ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ወደብ ላይ አረፈ። በዚያ መንገድ የተሠራ ኮምፕረሰር አውሮፕላን ሲያበር አላየም።