በብርጭቆ ቱቦ የምድርን ሙቀት የመረመሩት እናት
ውድ እህቶች፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መጥተው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያወሩን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ምድርን እንደሚያሞቅ ይነግሩናል። ይህን በሙከራ ቀድመው ከጠቆሙት ሰዎች አንዷ ሴት፣ ያውም የልጆች እናት እንደነበሩ ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም። ዛሬ ስማቸው በዓለም የታወቀው የወይዘሮ ኢዩኒስ ኒውተን ፉት ታሪክ እንዲህ ነው። ዘመኑን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ኢዩኒስ በ1819 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት ተወለዱ። ያደጉት በኒውዮርክ ግዛት በገበሬ ቤት ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ሳይንስ የምትማርበት ቦታ እምብዛም አልነበረም። እሳቸው ግን ዕድል ቀናቸውና ኤማ ዊላርድ የተባሉ መምህርት በትሮይ ከተማ ባቋቋሙት የሴቶች ትምህርት ቤት ገብተው ሳይንስ ቀሰሙ።

በ1841 ኤሊሻ ፉት የተባሉ የሕግ ባለሙያ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1848 በሴኔካ ፎልስ የሴቶች መብት ጉባኤ ሲደረግ፣ በአቋም መግለጫው ላይ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ፈረሙ።

በ1856 ያቀረቡት ሙከራ ቀላል ነበር። ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎች ወስደው ቴርሞሜትር አስገቡባቸው። በየተራ ተራ አየር፣ እርጥብ አየርና ልዩ ልዩ ጋዞች እየሞሉ ፀሐይ ላይ አኖሯቸው። ተራ አየር የያዘው 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ወደ 52 ዲግሪ ወጣ። ከፀሐይ ሲያነሱትም ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከዚህ ተነስተው፣ በአየር ውስጥ የዚህ ጋዝ መጠን ቢጨምር ምድር ትሞቃለች የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

ጽሑፋቸው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በኦልባኒ ከተማ በተደረገ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ቀረበ። ያነበቡላቸው ግን ፕሮፌሰር ጆሴፍ ሄንሪ የተባሉ ወንድ ምሁር ናቸው። ጽሑፉ በስማቸው በመጽሔት ቢታተምም ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል የተባሉ ሳይንቲስት በተሻለ መሣሪያ፣ ጋዞች ሙቀትን እንዴት እንደሚይዙ በዝርዝር አሳዩ፤ ምስጋናውም ለእሳቸው ሆነ። ወይዘሮ ኢዩኒስ በ1888 አረፉ። ሥራቸውን አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦሎጂ ባለሙያ ከአሮጌ መጻሕፍት አግኝተው ለዓለም ያሳወቁት በ2011 ነው።

እህቶቼ፣ ይህን ታሪክ ሳነብ ያሰብኩት ስለ ልጆቻችን ነው። ተማሪዎቻችን ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያውቁት ከእኛ ይበልጣል። ያወቁትን በኑሮ ለማዋል ፈቃደኛ የሆኑም አሉ። ነገር ግን ምድጃው፣ ከሰሉና መብራቱ በእኛ እጅ ነው። ልጅቱ ድስቱን ክደኚው፣ ከሰል እንቆጥብ፣ ጓሮ ችግኝ እንትከል ስትል፣ አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ ብለን ዝም ካሰኘናት፣ ትምህርቷ ደብተር ላይ ይቀራል። እውቀት ሰሚ ሲያጣ ምን ያህል ዘመን እንደሚባክን የወይዘሮ ኢዩኒስ ሕይወት ያሳየናል። እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባችን ሴቶች ልጆቻችንን ይዘን እንምጣና የተማሩትን ራሳቸው ቆመው ያስረዱን፤ እኛም ከነገሩን አንዱን መርጠን በየቤታችን እንጀምር።