እርምጃውን የቆጠረው የበረሃ ሰው

የዱር ሰላጣ ከቅጠሉ ጀርባ እሾህ የሚደረድር፣ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈስ መራራ አረም ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ገበታችን ላይ የሚቀርበው ሰላጣ አያት ይሉታል። ሌላው ረግጦት የሚያልፈውን እንዲህ ያለውን ቅጠል በረሃ ለበረሃ ሲለቅም፣ ሲያደርቅና ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነበር፤ ጂኦርግ ሽቫይንፉርት። የእሱ ሕይወት ለእኛም የሚነግረን አለ ብዬ አምናለሁ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሽቫይንፉርት በ1836 በሪጋ ከተማ ተወለደ። በጀርመን የዕፅዋት ሳይንስ ካጠና በኋላ በ1863 ወደ ግብፅና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ስሙን ያስጠራው ከ1868 እስከ 1871 ወደ መካከለኛው አፍሪካ ያደረገው ጉዞ ነው። በ1870 መጨረሻ ያረፈበት የነጋዴዎች ሰፈር በእሳት ጋየ። ማስታወሻዎቹ፣ መሣሪያዎቹና ብዙው ስብስቡ አመድ ሆኑ። ሰውዬው ግን ተስፋ አልቆረጠም። መለኪያ ቢያጣ የመንገዱን ርቀት በእርምጃው ቆጠረ፤ ድምሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር።

ሙገሳ ብቻ ግን አይበቃም። የተጓዘው የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎችን ተጠግቶ ነው። ከአንድ ንጉሥ በውሻ ለውጦ የወሰደው የአካ ልጅም በመንገድ በርበር ላይ ሞተ። ለቅጠል የተጠነቀቀ ሰው ለሰው ልጅ እንዲህ መሆኑ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በ1875 ካይሮ ውስጥ የጂኦግራፊ ማኅበር ሲቋቋም ግንባር ቀደም ነበር። ከዚያም በዓባይና በቀይ ባሕር መካከል ያለውን በረሃ ደጋግሞ አሰሰ። በ1887 ከፓውል አሸርሰን ጋር የግብፅን ዕፅዋት ዝርዝር አሳተመ። በ1881 ከተገኙት የፈርዖኖች አስከሬኖች ላይ የተነሱትን የደረቁ የአበባ ጉንጉኖች ውኃ ውስጥ እያራሰ የእያንዳንዱን ቅጠል ማንነት ለየ። ሰላጣም ለጥንት ግብፃውያን ተራ አትክልት አልነበረም፤ የመራባት አምላክ ለሚሉት ለሚን የሚቀርብ ነበር።

እኛን የሚነካው ቀጥሎ ያለው ነው። የፈርዖኖች ቅዱስ ዛፍ ፐርሲያ የእኛ እሸ የቅርብ ዘመድ ነው። ሽቫይንፉርት ለዛፉ የተቀበለው ሳይንሳዊ ስምም ትግራይ ኖሮ በ1878 ዓድዋ ያረፈውን ቪልሄልም ሺምፐርን የሚያስታውስ ነው። ሽቫይንፉርት የመንና ኤርትራ ድረስ የተጓዘው የግብፅ ዕፅዋት ምንጭ በእነዚህ አገሮች ነው የሚል እምነት ስለነበረው ነው።

በ1925 በርሊን ውስጥ አረፈ። በመጋቢት 1943 ግን የበርሊኑ የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዛግብት በአየር ድብደባ ተቃጠለ፤ ከሽቫይንፉርት ስብስብም ብዙውን እንደገና እሳት በላው። ከተረፈው መካከል አስቀድሞ ለሌሎች ከተሞች ቤተ መዘክሮች የተከፋፈለው ቅጂ ይገኛል።

አንድ የደረቀ የዱር ሰላጣ ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ቦታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ከተጻፈበት ምስክር ይሆናል። ዘር አዳቃዮች ለሰላጣ በሽታ መከላከያ የሚፈልጉት የዱር ዘመዶቹን ነው፤ የት እንደሚበቅሉ የሚጠቁማቸው ያ ወረቀት ነው። እኛም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1959 ጀምሮ የተገነባ ብሔራዊ ስብስብ አለን። ሁለቱ እሳቶች የሚያስተምሩን፣ በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ መዝገብ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ እንደሚችል ነው። ቅጂ ማዘጋጀት ከሐዘን ይረክሳል።