ታምራት አማኑኤል፦ በሰው ቤት ያደጉት መምህር

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተሰቦቻችን መካከል ልጁን ወደ ፕኒሚያ ያልላከ ጥቂት ነው። ልጁ ለሰንበት ቤት ሲመጣ እናት ወጡን ሠርታ፣ ዳቦውን ጋግራ ትጠብቃለች። ልጁ ግን በዕብራይስጥ ይመልሳል፣ ምግቡን ገፋ ያደርጋል፣ እሑድ ጠዋት ቦርሳውን አንሥቶ ይሄዳል። በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነቴ ከብዙ እንደዚህ ካሉ እናቶችና አባቶች ጋር ቁጭ ብያለሁ። ልጃቸው እንዲማር ይፈልጋሉ፣ ደግሞም ልጃቸው እየራቃቸው መሆኑን ያውቃሉ። ብዙዎቹ ይህ ነገር በእኛ ላይ የጀመረ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ከእኛ ብዙ አስቀድመው በዚህ መንገድ ስላለፉት ስለ ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ዘመኖቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ታምራት የተወለዱት በ1888 ገደማ ጎንደር አጠገብ በምትገኘው በአዘዞ ነው። ዘመኑ ሽማግሌዎቻችን ክፉ ቀን የሚሉት ነበር። በዚያ ዓመት ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ፣ ተከትሎ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሕዝቡም በረሃብ ረገፈ። ከቤተ እስራኤልም እጅግ ብዙ ሰው ያለቀው ያን ጊዜ ነው። የታምራት ወላጆች በሚሲዮናውያን ስብከት ሃይማኖታቸውን ከለወጡት ወገን ነበሩ። ልጁም አስመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። እንግዲህ ገና በልጅነታቸው በሰው ቤት፣ በሰው ማዕድ፣ በሰው ጸሎት ማደግ ጀምረዋል ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ፋይትሎቪች በፖላንድ አገር በሉጅ ከተማ የተወለዱ፣ በፓሪስ የዮሴፍ ሃሌቪ ተማሪ የነበሩ አይሁዳዊ ናቸው። ሃሌቪ በ1867 እና በ1868 ቤተ እስራኤልን ጎብኝተው ስለነበር የወገኖቻችንን ነገር ለተማሪያቸው ያሳወቁት እርሳቸው ናቸው። ፋይትሎቪች በባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ ርዳታ በ1904 ጉዞ ጀመሩ። ያዩት ነገር አስጨነቃቸው፤ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አለው፣ አይሁድ ግን ለወገኖቻቸው አንድም አልከፈቱም። መፍትሔ ብለው ያሰቡት ጎበዝ ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር ወስዶ ማስተማርና ተመልሰው ወገናቸውን እንዲያስተምሩ ማድረግ ነበር። በ1905 ሲመለሱ ሁለት ወጣቶች ይዘው ሄዱ። አንዱ ጌቴ ኤርምያስ ሲሆኑ ሁለተኛው ከአስመራው ሚሲዮን ያገኟቸው ታምራት ናቸው። ታምራት ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናቸው ነው።

ፓሪስ ደርሰው የገቡት አሊያንስ የሚባለው የአይሁድ ድርጅት በኦተይ ባቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከሞሮኮ፣ ከቱርክ፣ ከባግዳድ የመጡ ልጆች ይማሩ ነበር። ሁሉም ከቤቱ የራቀ ነው፤ ነገር ግን የእነዚያን ልጆች አይሁድነት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ከኢትዮጵያ የመጣው ልጅ ግን በእርግጥ አይሁድ መሆኑ ራሱ ጥያቄ ነበር። አሊያንስ እንኳ አላመነም። በ1908 ጉዳዩን አጥንተው እንዲመጡ ራቢ ሐይም ናሁምን ወደ ኢትዮጵያ ላከ፣ የእርሳቸውም ሪፖርት የፋይትሎቪችን ዕቅድ የሚደግፍ ሆኖ አልተገኘም። ይህን ጥያቄ እኛም እናውቀዋለን። በ1985 ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት በዚሁ ምክንያት ነበር። እኛ ግን ብዙ ሆነን ነው የተጠየቅነው።

በ1907 ታምራት ወደ ጣልያን አገር ወደ ፍሎረንስ ተዛወሩ። በዚያ የራቢዎች ትምህርት ቤት ነበረ፤ ኃላፊው ራቢ ሽሙኤል ጽቪ ማርጉሊስ ከጋሊሲያ የመጡ፣ እርሳቸውም በጣልያን ምድር እንግዳ የነበሩ ሰው ናቸው። ለቤተ እስራኤል የሚረዳው ኮሚቴም የቆመው በእርሳቸው መሪነት በዚያው ከተማ ነው። እኔ የታምራትን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ በላይ የምቆመው እዚህ ላይ ነው። ታምራት አረንጓዴ ጉልላት ባለው በትልቁ የፍሎረንስ ምኩራብ ከተማ ዕብራይስጥ፣ ታልሙድና ጣልያንኛ ተማሩ። ከዚያም አልፈው ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። ጦርነቱም መጣና ዓመታት ተጨመሩ። ለመማር ብሎ የወጣ ልጅ በጠቅላላው አሥራ አምስት ዓመት በውጭ ቆየ። አስቡት፤ ሕዝባቸውን ለመርዳት የተላኩት ሰው አይሁድነታቸውን ያገኙት ከሕዝባቸው ሳይሆን ከአውሮፓ ራቢዎች ነው።

በ1920 ከፋይትሎቪች ጋር ወደ አገራቸው ሲመለሱ የገጠማቸው ይኸው ነው። የአገሬው ቄስ የሚጸልየው በግዕዝ ነው፣ ኦሪቱም በግዕዝ ነው። ታልሙድ የሚባል አያውቅም፣ ሐኑካና ፑሪምን አላከበረም፤ ስግድን ግን ያከብራል። ከሌላ ሕዝብ ጋር የተነካካ ሰው ታጥቦ ፀሐይ እስኪጠልቅ ሳይቆይ ወደ መንደር አይገባም። ታዲያ አሥራ አምስት ዓመት በፈረንጅ አገር የበላና የጠጣ ሰው እንዴት ይሁን? ፋይትሎቪች ደግሞ መሥዋዕቱ እንዲቀር፣ የሰንበት ሻማ እንዲበራ፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ሌላው አይሁድ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ታምራት በሁለቱ መካከል የቆሙ ሰው ሆኑ። የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሁለቱም ወገን ይፈልጉታል፣ ሁለቱም ወገን ደግሞ ይጠረጥሩታል። እዚህ አገር በአስተርጓሚነት የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በ1923 ገደማ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ታምራትም ኃላፊ ሆኑ። ከጎንደር በኩል የሚመጡት ልጆች በበቅሎና በእግር ብዙ ቀን ተጉዘው ነው የሚደርሱት፣ እዚያው ይኖራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። አሁን እንግዳ ተቀባዩ ታምራት ናቸው። በሰው ቤት ያደጉት ልጅ የሌላውን ልጅ የሚያሳድጉ አባት ሆኑ።

ከዚህ ትምህርት ቤትና ከመንደሮቹ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ወደ ሃያ አምስት የሚጠጉ ወጣቶች ወደ ውጭ ተልከዋል። ኢየሩሳሌም፣ ጀርመን፣ ስዊስ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ተበታትነው፣ እኩሌቶቹ በትምህርት ቤት፣ እኩሌቶቹ በአይሁድ ቤተሰቦች ዘንድ ኖሩ። አቶ ዮና ቦጋለ ከእነዚያ አንዱ ናቸው፤ ተመልሰው በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተምረዋል፣ ከዚያም ለሕዝባችን ያደረጉትን የማያውቅ የለም። ሁሉም ግን እንደ አቶ ዮና አልሆኑም። በወጣትነታቸው በሕመም የሞቱ አሉ፤ ወላጆቻቸው መቃብራቸውን አላዩም። ከተመለሱትና በአዲስ አበባ ከተማሩትም ብዙዎቹ ቋንቋ ስለሚያውቁ በመንግሥት ሥራ ገቡ፣ ወደ መንደራቸው የተመለሱት ጥቂት ናቸው። በዚህ ልንፈርድባቸው አይገባም እላለሁ። ከተሜ አድርጎ ያሳደገውን ልጅ ገበሬ መንደር ተመለስ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ታምራት ከፋይትሎቪች ጋር ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፤ በአሠራራቸው ላይ የነበራቸው ቅሬታም በደብዳቤዎቹ ይታያል። ያሳደጋቸውን ሰው መቃወም ለእርሳቸው ከባድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆኖም ዝም አላሉም።

ከዚያ የመጣው ነገር የሚያሳዝን ነው። በ1936 አዲስ አበባን የያዘው ጠላት ያው ታምራትን ያስተማረው የጣልያን አገር ነበር። የጣልያን አይሁድ ማኅበረሰብ ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦን ስለ ወገኖቻችን እንዲያጠኑ ሲልክ ታምራት ቋንቋውን ስለሚያውቁ አብረው ሠሩ። በየካቲት 1937 ግን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሕዝቡን ጨፈጨፉ፣ በተለይ የተማረውን እየለቀሙ ገደሉ። ያን ዓመት ታምራት አገራቸውን ጥለው ወጡ፤ በግብፅና በኢየሩሳሌም ተሰደዱ። ለዚያ ጉልላት ላለው ምኩራብም ቢሆን ክፉ ቀን ደረሰበት፤ በ1944 ጀርመኖች ከፍሎረንስ ሲወጡ በፈንጂ ጎዱት።

ታምራት በ1941 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ተመልሰው መንግሥትን አገለገሉ። ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን ያቀረቡት ንግግር ታትሞ ወጥቷል፤ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ ከተጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፎች አንዱ ነው። ያን ያህል ዓመት በውጭ የኖረ ሰው አማርኛውን እንዲህ ጠብቆ መያዙ ይገርመኛል። በ1948 በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን እንዲሠሩ ተላኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆነው የገቡባትን ከተማ ስልሳ ሲሞላቸው የመንግሥት ሰው ሆነው ገቡባት።

የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በኢየሩሳሌም ነው። በ1955 እና በ1956 ሃያ ሰባት ወጣቶች ከኢትዮጵያ መጥተው በክፋር ባትያ ተማሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተመልሰው በየመንደሩ አስተማሪ ሆነዋል። ፕሮፌሰር ታምራት በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ። ዘመቻ ሙሴ የመጣው ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ነው።