ወይዘሮ ጁሊያ ካሜሮንና የባሕር ዳሩ የፎቶግራፍ ቤት

ከእኛ መካከል ሽርሽር ወጥቶ ፎቶግራፍ ሳያነሳ የሚመለስ የለም ለማለት ይቻላል። ሐይቅ ዳር የሄደ እንደ ሆነ፣ ገደል አፋፍ የቆመ እንደ ሆነ፣ በኪሱ በያዘው ስልክ በአንድ ቀን መቶ ሥዕል አንስቶ ይገባል። ዛሬ የምንተርከው ግን አንድ ሥዕል ለማውጣት እጃቸው እስኪጠቁር ድረስ ይደክሙ ስለ ነበሩ ሴት ነው። የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጁሊያ ማርጋሬት በ1815 በሕንድ አገር በካልካታ ተወለዱ። አባታቸው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም፣ እናታቸው የፈረንሳይ ዘር ነበሩ። በ1838 ቻርልስ ሄይ ካሜሮን የተባሉትን፣ በሃያ ዓመት የሚበልጧቸውን የሕግ ዐዋቂ አገቡ። ባልየው በሴይሎን ደሴት የቡና እርሻ ነበራቸው። ቤተሰቡ በ1848 ወደ እንግሊዝ አገር ገባ።

በ1860 ወይዘሮ ካሜሮን ባለቅኔውን ቴኒሰንን ሊጠይቁ ወደ ዋይት ደሴት ሄዱና አገሩን ስለ ወደዱት በፍሬሽወተር ሁለት ጎጆ ቤቶች ገዝተው ተቀመጡ። ፍሬሽወተር በደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ ያለ መንደር ነው። ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ቀጥ ብሎ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከዳርቻውም «መርፌዎች» የሚባሉ ሦስት ቋጥኞች ከውኃው ውስጥ ብቅ ብለው ይታያሉ። ቴኒሰን በየቀኑ ካባቸውን ደርበው በዚያ ኮረብታ ላይ ይንሸራሸሩ ነበር። አገር ጎብኚውም ባሕሩንና ባለቅኔውን አንድ ላይ ለማየት ይጎርፍ ነበር።

የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ሳሉ፣ በታኅሣሥ 1863፣ ልጃቸውና አማቻቸው ብቸኝነታቸውን እንዲያስረሱበት ብለው ካሜራ ሰጧቸው። ወይዘሮዋ የዶሮውን ቤት የመስተዋት ቤት፣ የከሰሉን ማከማቻ ደግሞ ጨለማ ክፍል አደረጉት። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ቀላል ሥራ አልነበረም። የመስተዋት ሰሌዳ በኮሎዲዮን ተቀብቶ በብር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ ሳይደርቅ መነሳት፣ ሳይደርቅም መታጠብ አለበት። የሚነሳውም ሰው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ፣ ሰሌዳ እያበላሹ ተማሩት።

የሚገርመው፣ ያ ሁሉ የባሕር ውበት በደጃቸው ሳለ እሳቸው ከሞላ ጎደል የሚያነሱት የሰው ፊት ብቻ መሆኑ ነው። ካሜራውንም ወደ ፊቱ እጅግ አስጠግተው፣ ጥራቱን ሆነ ብለው ያለሰልሱት ነበር። የጊዜው የፎቶግራፍ ዐዋቂዎች ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፣ ሰሌዳው ተጭሯል፣ የጣት አሻራ ይታይበታል እያሉ ነቀፏቸው። እኛ ግን በ1867 ያነሱትን የከዋክብት ተመራማሪውን የኸርሼልን ምስል ካየን ወዲህ ነቃፊዎቹን ለመስማት አቅቶናል። (ለሕፃናት ክንፍ እያሰሩ እንደ መላእክት ያነሷቸው ሥዕሎች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቻሉ።)

የ1868 በጋ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሰውተው ነበር። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ባሕር ሳይደርሱ በመንገድ ዐረፉ። ልጁ በሐምሌ እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ ወደ ዋይት ደሴት ተወሰደና በአሳዳጊው በካፒቴን ስፒዲ እጅ ከወይዘሮ ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀረበ። ስፒዲ አማርኛ የሚናገር፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ የተባለ ሰው ነው፤ ለሥዕሉም የሐበሻ ልብስ ለብሷል። በዚያው ወራት ዳርዊንም ለዕረፍት በመንደሩ ነበሩና ተነሥተዋል። ዳርዊን ግን የተነሡት በራሳቸው ፈቃድ፣ በራሳቸው ኮት ነው። ሕፃኑን ማን ጠየቀው? አባቱን ካጣ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ወይዘሮዋ በክፋት አደረጉት አንልም፤ ባለቅኔውንም፣ የቤት ሠራተኛቸውንም የሚያነሱት በአንድ ዓይነት ጉጉት ነበር። ነገር ግን ምርኮኛ ልጅ በጌጥና በአልባሳት ተከቦ ለተመልካች መቅረቡ ይቆረቁረናል። ሆኖም ያ ሥዕል ባይኖር ኖሮ የዚያን ልጅ ያዘነ ዓይን በዚህ ቅርበት ባላየነውም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

በ1875 ካሜሮኖች ወደ ሴይሎን ተመለሱ። ሞት ቢመጣ በዚያ አገር አይገኝም ብለው የሬሳ ሣጥናቸውን ሳይቀር ይዘው ሄዱ ይባላል። ወይዘሮዋ በዚያ የአገሬውን ሰዎች ጥቂት ካነሱ በኋላ በጥር 1879 ዐረፉ። ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በኅዳር፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ። የተቀበረው በዊንድዘር ነው፤ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። የፍሬሽወተሩ የካሜሮን ቤት ግን ከመፍረስ ተርፎ ሙዚየም ሆኗል።