ዳርዊንን ሐሳቡን ያስለወጠችው ሴት

ሥጋ በል ተክል ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ፊልም ላይ ያየነው ሰው የሚውጥ ዛፍ ነው። እውነተኞቹ ግን ትንንሾች ናቸው። እንዲያውም የአንዳንዶቹ ወጥመድ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። እነዚህን ጥቃቅን አዳኞች ቤቷ ውስጥ እያኖረች፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ምስጢራቸውን ያወጣችው አሜሪካዊት ሜሪ ትሪት ትባላለች።

ሜሪ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1830 በኒውዮርክ ግዛት ነው። በ1863 ዶክተር ጆሴፍ ትሪትን አገባች። ከአምስት ዓመት በኋላ ባልና ሚስቱ ኒው ጀርሲ ውስጥ ወደምትገኘው ቫይንላንድ ከተማ ሄደው መኖር ጀመሩ። አካባቢው ለሜሪ የተመቸ ነበር። በአቅራቢያው ሰፊ የጥድ ደንና ረግረግ አለ፤ ረግረጉ ደግሞ በሥጋ በል ተክሎች የታወቀ ነው።

ትዳሩ ግን አልዘለቀም። በ1870ዎቹ አጋማሽ ከባለቤቷ ጋር ተለያዩ። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዩኒቨርሲቲ ወንበር እንዴት ትኖራለች? ሜሪ የነበራት ብዕርና ዓይን ነው። ያየችውን እየጻፈች ለመጽሔቶች ትሸጥ ጀመር። ስለዚህ ነፍሳትንና ተክሎችን መመልከት ለእሷ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን እንጀራዋ ነበር።

ቤቷ ራሱ ላቦራቶሪ ሆነ። ሸረሪቶችን በብርጭቆ ዕቃ ታኖራለች። ድሮሴራ የተባለውን፣ ቅጠሉ ላይ እንደ ጤዛ የሚያብረቀርቅ ሙጫ ያለውን ተክል እያሳደገች ዝንብ ሲይዝ ትከታተላለች። ቅጠሉን እንደ መንጋጋ የሚዘጋው ቬነስ ፍላይትራፕ ምን ያህል እንደሚጨብጥ ለማወቅ ደግሞ የገዛ ጣቷን አስገብታ፣ ክንዷ ደክሞ እስኪያማት ድረስ ቆይታለች።

ስሟን ያስጠራት ግን ዩትሪኩላሪያ ነው። ይህ ተክል ሥር የለውም። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ውኃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከውኃው በላይ የሚታየው ቆንጆ አበባቸው ብቻ ነው። ከሥር ግን ብዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሏቸው። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ከረጢቶቹ ተክሉን ለማንሳፈፍ የተሠሩ ይመስሏቸው ነበር። ሜሪ በማይክሮስኮፕ ስታያቸው ውስጣቸው የሞቱ ነፍሳት አገኘች። ታዲያ እንዴት ገቡ?

በዚያው ሰሞን እንግሊዝ አገር ያለው ቻርለስ ዳርዊንም ይኸንኑ ጥያቄ ይዞ ነበር። ከ1871 ጀምሮ ይጻጻፋሉ። የዳርዊን ግምት ነፍሳቱ የከረጢቱን በር በጭንቅላታቸው ገፍተው ይገባሉ የሚል ነበር። ሜሪ ያየችው ሌላ ነው። የትንኝ ዕጭ ወደ በሩ ሲጠጋ፣ ሳይገፋ፣ ሳይታገል በቅጽበት ወደ ውስጥ ይሳባል። ነገሩን ደጋግማ አየችና ጻፈች።

እስኪ አስቡት! በዓለም ከታወቁት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች አንዱ የሆነውን ሰው፣ ከትንሽ ከተማ የምትጽፍ ሴት አይደለም ስትለው። ዳርዊን ግን አልተቆጣም። በ1875 በጻፈላት ደብዳቤ፣ ነፍሳቱ በጭንቅላታቸው ገፍተው ይገባሉ ያለው ስህተት እንደነበር ተቀበለ። በዚያው ዓመት ስለ ሥጋ በል ተክሎች ባሳተመው መጽሐፉም ስሟን ጠቅሷል።

የኋላ ዘመን ሳይንስ ለሜሪ መሰከረላት። ከረጢቱ ውስጡ ያለውን ውኃ አስቀድሞ ወደ ውጭ ይገፋና ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጎብጣል። አንድ ነፍሳት በሩ ላይ ያሉትን ፀጉሮች ሲነካ በሩ ይከፈትና ውኃው ነፍሳቱን ይዞ ይገባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። ዓይን ሊከተለው የማይችለውን ነገር ነው ሜሪ በትዕግሥት የደረሰችበት።

እሷም በዚህ አላቆመችም። በ1882 ስለ ተባዮች፣ በ1885 ደግሞ በቤቷና በአካባቢዋ ስላየችው ተፈጥሮ መጻሕፍት አሳተመች። በስሟ የተሰየመ የጉንዳን ዝርያም አለ። በ1923 በ92 ዓመቷ ዐረፈች።

ዛሬ እነዚህን ተክሎች ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች በየአገሩ ሞልተዋል። ምስጢሩ ከሌላው አትክልት ተቃራኒ ነው፦ ማዳበሪያ አይፈልጉም፣ ለም አፈርም ይጎዳቸዋል። የቧንቧ ውኃ የያዘው ማዕድን ስለማይስማማቸው የዝናብ ውኃ ይመረጣል። ደህና ብርሃንም ይሻሉ። ወጥመድ ያወጡት አፈሩ የነፈጋቸውን ናይትሮጅን ከነፍሳት ለማግኘት ነውና፣ አብዝቶ ማብላት እነሱን መግደል ነው።

ዩትሪኩላሪያ በእኛም አገር ረግረጋማ ቦታዎች ይበቅላል። ከውኃ ላይ ብቅ ያለች ትንሽ ቢጫ አበባ ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለፉ። ጎንበስ ብላችሁ ከሥሯ ምን እንዳለ እዩ። ሜሪ ትሪት ያደረገችው ይኸንኑ ነው።